ዶክተሩን ምን ብለን እንጥራቸው?

እንዲህ ሆነ እንበል። ከቁንዝላ ወጣ ብላ ከምትገኝ መንደር አንዲት እናት የታመመ ልጃቸውን አዝለው ወደ ጤና ጣቢያ መጡ። ልጁን ትኩሳት ከያዘው ሦስት ቀን ሆኖታል። እናትየው በሩ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰ ጎልማሳ አዩ። ወዲያው እጅ ነሡና፣

«ዶክተር፣ ልጄን ይዩልኝ! ሦስት ቀን ሙሉ እንደ እሳት ይፋጃል። እህል አልቀምስም ብሏል። ትናንት ሌሊትማ ዓይኑ ዞሮ፣ እጅ እግሩ ተንቀጥቅጦ፣ የሞተ መስሎኝ ነበር» ብለው አንድም ሳያስቀሩ ነገሩት።

ሰውየው ግን ዶክተር አልነበረም። የጤና ጣቢያው የጽዳት ሠራተኛ ነበር። «እናቴ፣ ካርድ ያውጡና እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ይጠራሉ» አላቸው።

ጥቂት ቆይቶ አንዲት ወጣት ሴት ስማቸውን ጠራች። ዕድሜዋ የራሳቸውን ልጅ ቢያህል ነው። እናትየው በልባቸው፣ «ይቺ ደግሞ የዶክተሩ ተላላኪ ትሆናለች» አሉ።

«ልጁ ምን ሆነብዎት፣ እናቴ?»

«ለዶክተሩ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ምን ብለው ነገሯቸው?»

«እሳቸው ያውቁታል እኮ። አሞታል አልኳቸው» አሉና ዝም አሉ።

መርማሪዋ ግን ያቺው ወጣት ነበረች። ጤና መኮንን ናት። ደግነቱ ታጋሽ ነበረች። «እኔ ነኝ የማክመው፤ እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» ብላ ደጋግማ ጠየቀቻቸው። በመጨረሻ የሌሊቱን ነገር ሰማች። ትኩሳት የያዘው ልጅ ዓይኑ ዞሮ ከተንቀጠቀጠ ወባው ጠንክሮበት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ልጅ ሳይውል ሳያድር መታከም አለበት። ወጣቷ ባትታገሥ ኖሮ ያ ዋና ነገር በር ላይ ተነግሮ በዚያው በቀረ ነበር።

እንግዲህ የተሳሳተው ማን ነው? እናትየው ሰው ማክበራቸው ጥፋት አይደለም። የጽዳት ሠራተኛውም ሥራው የሚከበር ነው። ችግሩ ማን ማን እንደሆነ አለመለየቱ ነው። ስለዚህ ባለሙያን ምን ብሎ መጥራት እንደሚገባ ማወቅ ለይሉኝታ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። ለጤናም፣ ለንብረትም፣ ለፍርድም ይጠቅማል።

ማዕረግ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም

«ዶክተር»፣ «ፕሮፌሰር»፣ «ኢንጂነር» የሚሉት ቃላት ከውጭ የመጡ ናቸው። የተማረን ሰው በማዕረጉ መጥራት ግን በአገራችን የቆየ ልማድ ነው።

በጎጃምም ሆነ በጎንደር የአብነት ትምህርት ቤት ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ተማሪ መምህሩን በስማቸው አይጠራም። «የኔታ» ይላቸዋል። «የእኔ ጌታ» ማለት ነው። ዜማ የሚመሩት «መሪጌታ» ይባላሉ። የደብር ሹም የሆኑት «አለቃ» ይባላሉ። ከጣና ማዶ የፎገራውን ሊቅ አለቃ ገብረ ሐናን የማያውቅ የለም። «ገብረ ሐና» ብቻ ቢባል ሰው የትኛው ገብረ ሐና ይላል። «አለቃ ገብረ ሐና» ሲባል ግን ጨዋታቸው ትዝ ብሎት ገና ሳይነገረው ይስቃል። ማዕረጉ ከስማቸው ጋር ተጣብቆ ቀርቷል።

በእስልምናም እንደዚሁ ነው። የሃይማኖት ሊቁ «ሼህ» ይባላሉ። መካ ሄደው የተመለሱት ደግሞ «ሐጂ» ይባላሉ።

ሌላው የቤተ መንግሥት ማዕረግ ነበር። ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች የሚባሉት በሹመት የሚገኙ ነበሩ። ንጉሡ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ሲወርዱ ይህ ሹመት ቀረ። ከዚያ በኋላ «ጓድ» የሚል መጠሪያ መጣ። እሱም በ1983 ዓ.ም. ካመጣው መንግሥት ጋር አብሮ ሄደ። በትምህርት የተገኘ ማዕረግ ግን መንግሥት ሲለወጥ አይለወጥም። ዶክተሩ በንጉሡም ጊዜ፣ በደርግም ጊዜ፣ ከዚያም በኋላ ዶክተር ነው። ማንም አልሾመውም፤ ማንም አይሽረውም። ተምሮ ያገኘው ነው።

«ዶክተር» ማለት ምን ማለት ነው?

«ዶክተር» የላቲን ቃል ነው። ላቲን የጥንት ሮማውያን ቋንቋ ነው። የቃሉ የመጀመሪያ ትርጉም «አስተማሪ» ማለት ነበር። እንግዲህ ፈረንጆቹ «ዶክተር» ሲሉ እኛ «መምህር» ከምንለው የራቀ ነገር አልተናገሩም። በጃፓን አገርም አስተማሪውንም ሐኪሙንም የሚጠሩት በአንድ ቃል ነው፤ «ሰንሴ» ይሏቸዋል።

«ሐኪም» የሚለው ቃል ደግሞ ከዐረብኛ የመጣ ነው። ጥበበኛ ማለት ነው። በአገራችን በዘመናዊ ሕክምና ቀድመው ከተማሩት አንዱ ጎንደር የተወለዱት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። ገና ሕፃን ሳሉ፣ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላው ጦርነት በኋላ፣ የእንግሊዝ መኮንን ወሰዳቸው። ሕንድ አገር አድገው ሕክምና ተማሩ። በምኒልክ ዘመን ወደ አገራቸው ተመለሱ። በውጭ አገር «ዶክተር ማርቲን» ይባሉ ነበር። በአገራቸው ግን «ሐኪም ወርቅነህ» ተባሉ። ሕዝቡ በሚያውቀው ቃል፣ በራሳቸው ስም ጠራቸው።

ዶክተር ሁሉ መርፌ አይወጋም

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሕክምና ትምህርት ጨርሶ በዶክተርነት የተመረቀ ሰው «ዶክተር» ይባላል። ነገር ግን «ዶክተር» የተባለ ሁሉ ሐኪም አይደለም።

ሁለት ዓይነት ዶክተር አለ። የመጀመሪያው የሕክምና ዶክተር ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረሰ በኋላ ስድስት ዓመት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሕክምና ይማራል። የልብ፣ የዓይን ወይም የቀዶ ጥገና ሐኪም ለመሆን ደግሞ ሌላ ብዙ ዓመት ይጨምራል። ከብት የሚያክመውም የእንስሳት ሕክምና ዶክተር አለ። እሱም ዶክተር ነው።

ሁለተኛው የምርምር ዶክተር ነው። ይህ ሰው አንድ ነገር መርጦ ለዓመታት ያጠናል። ስለ አፈር ሊሆን ይችላል፤ ስለ ዓሣ፣ ስለ ታሪክ፣ ስለ ቋንቋ ወይም ስለ ሕግ ሊሆን ይችላል። ያገኘውን በትልቅ መጽሐፍ ይጽፋል። ከዚያ በሊቃውንት ፊት ቆሞ ጥያቄያቸውን ይመልሳል። በቅኔ ቤት ተማሪው በመምህሩ ፊት ቅኔውን ነግሮ እንደሚፈተነው ያለ ነው። ፈተናውን ካለፈ ዶክተር ይባላል።

ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እምቦጭ የሚባለው አረም ጣናን ሲወርር ብዙ ተመራማሪዎች ወደ ሐይቁ ዳር መጥተዋል። ከነዚህ መካከል «ዶክተር» የሚባሉ አሉ። እንግዲህ አንድ ገበሬ አንዱን ተመራማሪ፣ «ዶክተር፣ ወገቤን ያመኛል፤ መድኃኒት ይስጡኝ» ቢላቸው፣ «አባቴ፣ እኔ የማውቀው የአረሙን በሽታ ነው፤ የወገቡን አላውቅም» ማለታቸው አይቀርም። ሊያሾፉ አይደለም፤ እውነታቸውን ነው።

የአክሊሉ ለማ ታሪክ

የምርምር ዶክተር ለገበሬው ምን ይጠቅማል? አንድ እውነተኛ ታሪክ እነሆ።

እንዶድን ሁላችንም እናውቀዋለን። እናቶቻችን ፍሬውን ቀጥቅጠው ጋቢና ነጠላ ያጥቡበታል። ዶክተር አክሊሉ ለማ የሕክምና ዶክተር አልነበሩም። የተማሩት በሰው አካል ውስጥ ገብተው ስለሚኖሩ ትላትሎችና ሌሎች ተባዮች ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 በዓድዋ አካባቢ ወንዝ ዳር ሲያጠኑ አንድ ነገር አዩ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች፣ ውኃው ውስጥ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተገኙ።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? ቢልሃርዚያ የሚባለው በሽታ የሚራባው በውኃ ውስጥ በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ነው። ትሉ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውኃው ውስጥ ይንሳፈፋል። ሰው ሲዋኝ፣ ሲያጠምድ ወይም ውኃ ሲቀዳ በቆዳው ዘልቆ ይገባል። ሆድ ያማል፣ ደም ያስቀምጣል፣ ጉበትንም ይጎዳል። በሽታው በጣና ዳርም አለ። እንዶድ ቀንድ አውጣውን ከገደለ እንግዲህ በሽታውን ለመከላከል ይረዳል ማለት ነው።

ዶክተር አክሊሉ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ሆነው ይህን ለብዙ ዓመታት መረመሩ። በፈረንጆች 1989 ስዊድን አገር ትልቅ ሽልማት ተሸለሙ። አንድም መርፌ አልወጉም። ግን ዕውቀታቸው ለብዙ ሰው ሊተርፍ የሚችል ነበር። መነሻው ደግሞ ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ሥራ ነው። ሊቁ ከሴቶቹ አይቶ ተማረ፤ ዓለም ደግሞ ከሊቁ ተማረ።

ዶክተር አክሊሉ ወይስ ዶክተር ለማ?

በእኛ አገር ማዕረግ የሚቀመጠው ከሰውየው ከራሱ ስም በፊት ነው። «ዶክተር አክሊሉ» ወይም «ዶክተር አክሊሉ ለማ» እንላለን። «ዶክተር ለማ» ካልን ግን የጠራነው አባታቸውን ነው። አባትየው ደግሞ ዶክተር አልነበሩ ይሆናል።

የፈረንጆች ልማድ ከዚህ ይለያል። እነሱ ከአያት ቅድመ አያት የሚወርድ የቤተሰብ ስም አላቸው። ማዕረጉን ከዚያ ስም ጋር ያደርጉታል። ለምሳሌ ካትሪን ሃምሊን የሚባሉ አውስትራሊያዊት ሐኪም ነበሩ። በፈረንጆች 1959 ከባለቤታቸው ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጡ። በምጥ ብዛት ተጎድተው ሽንት የማይቋጥሩ እናቶችን ሲያክሙ ኖሩ። በፈረንጆች 2005 ባሕር ዳርም ላይ የፌስቱላ ማከሚያ ተከፈተ። እኒህ ሴት በፈረንጆች 2020 ዐርፈዋል። «ዶክተር ሃምሊን» ሲባሉ ትክክል ነው፤ ሃምሊን የቤተሰብ ስማቸው ነውና። አገራችን ሰው ደግሞ «ዶክተር ካትሪን» ቢላቸው ነውር አልነበረም።

«ዶክተር» የሚለው ቃል ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። ሴቷን ሐኪም «ዶክተር» ማለት ይበቃል። «ወይዘሮ ዶክተር» ወይም «አቶ ዶክተር» ማለት አያስፈልግም፤ አንድ ማዕረግ ይበቃል። ስሙን ካላወቁ «ዶክተር» ብቻ ማለትም ይቻላል።

«ፕሮፌሰር» ደግሞ በዩኒቨርሲቲ በማስተማርና በምርምር ብዙ ዓመት ሠርቶ የሚገኝ ከፍተኛ ማዕረግ ነው። ፕሮፌሰር የሆነን ሰው «ዶክተር» ከማለት «ፕሮፌሰር» ማለት ይሻላል።

«የክብር ዶክተር» የሚባልም አለ። ይህ ትምህርት ቤት ገብተው ሳይሆን ለአገር በሠሩት ሥራ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን መጽሐፍ የጻፉት የጎጃሙ ሰው ሐዲስ አለማየሁ እንዲህ ያለ ማዕረግ ተሰጥቷቸዋል።

የሰው አገር ልማድ ብዙ ዓይነት ነው። በጀርመን አገር ዶክተርነት በመታወቂያ ወረቀት ላይ ሊጻፍ ይችላል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ቀዶ ጥገና የሚሠራው ሐኪም «ዶክተር» ሳይሆን «ሚስተር»፣ ማለትም «አቶ» ይባላል። ምክንያቱም በዱሮ ዘመን ቀዶ ጥገና የሚሠሩት ፀጉር አስተካካዮች ነበሩ፤ ዩኒቨርሲቲ አልገቡም። ዛሬ ግን ተምረው እንኳ «አቶ» መባሉን እንደ ክብር ይዘውታል። እንግዲህ «አቶ» ትንሽ ስም እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

በጤና ጣቢያ ማን ማን ነው?

ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር አይደለም። በየጤና ጣቢያው የሚሠሩትን ለይተን እንወቅ።

ጤና መኮንን በሽታ መርምሮ መድኃኒት የሚያዝ ባለሙያ ነው። በአገራችን የጤና መኮንኖች ትምህርት የተጀመረው በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው፤ ኮሌጁ የተከፈተው በ1947 ዓ.ም. ነው። በገጠር ሐኪም ባልነበረበት ዘመን ብዙውን ሕዝብ ያከሙት እነሱ ናቸው።

ነርስ በሽተኛን የሚንከባከብ፣ መርፌና መድኃኒት የሚሰጥ ነው። ሴቷን ነርስ ሰው «ሲስተር» ይላታል። አዋላጅ ነርስ ደግሞ እርጉዝ ሴቶችን ተከታትላ ታዋልዳለች። የላብራቶሪ ባለሙያ ደም፣ ሰገራና ሽንት ይመረምራል። የመድኃኒት ባለሙያው መድኃኒቱን ያድላል፤ አወሳሰዱንም ይነግራል። ዱሮ ቁስል የሚያጥበው «ድሬሰር» ይባል ነበር።

በቀበሌ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። ይህ ሥራ በ1995 ዓ.ም. ነው የተጀመረው። ብዙዎቹ የአካባቢው ልጆች የሆኑ ሴቶች ናቸው። ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ወባ አጎበር ያስተምራሉ። «እሷማ የጎረቤት ልጅ ናት» ብሎ ምክሯን መናቅ አይገባም።

እንግዲህ ሁሉንም «ዶክተር» ማለት ክብር ይመስላል። ነገር ግን ክብሩ ከእውነቱ ሲለይ ይጎዳል። ነርሷን «ሲስተር»፣ አዋላጇን በስሟ፣ ጤና መኮንኑን «ጤና መኮንን» ብንል አናንቋሽሻቸውም። እያንዳንዱ የራሱ ሙያ አለው። ማን እንደሆነ ካላወቅን መጠየቅ ነው። «ይቅርታ፣ እርስዎ ሐኪሙ ነዎት?» ማለት አያስነውርም። ደግ ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይቆጣም።

በሌላም ቦታ እንዲሁ ነው። በእርሻ ጽሕፈት ቤት የልማት ሠራተኛው አለ፤ የእንስሳት ሐኪሙ አለ። በመንገድና በውኃ ሥራ መሐንዲሱ አለ፤ ከስሙ በፊት «ኢንጂነር» ይባላል። በፍርድ ቤት ዳኛውን ስንናገር «ክቡር ፍርድ ቤት» እንላለን። ይህም ለሰውየው ብቻ ሳይሆን ለፍርዱ የሚሰጥ ክብር ነው። ነገር ግን ክብር ማለት ፍርሃት ማለት አይደለም። ዳኛው የተናገሩት ካልገባን «ክቡር ፍርድ ቤት፣ አልገባኝም፤ ይብራራልኝ» ማለት መብታችን ነው።

አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ

ከማዕረጉ በላይ የሚከብደው አነጋገሩ ነው። «ዶክተር፣ ና እዚህ» ቢባል ማዕረጉ አለ፤ ክብሩ ግን የለም። «መከበር በከንፈር» እንደሚባለው ነው። ለማናውቀው ባለሙያ «አንቱ» ወይም «እርስዎ» ማለት ይገባል።

ታዲያ ዶክተሩ የልጃችን እኩያ ቢሆንስ? እዚህ ላይ ሽማግሌዎቻችን ይቸገራሉ። የሃያ አምስት ዓመት ልጅ «አንቱ» ይባላል ወይ? መልሱ ይህ ነው። በሥራ ቦታ «እርስዎ» ማለት ለዕድሜው ሳይሆን ለሙያው ነው። አባትየው «ዶክተር፣ እርስዎ» ይላሉ። ወጣቱ ሐኪም ደግሞ «አባቴ፣ እርስዎ» ይላል። አንዱ ዕውቀትን ያከብራል፤ አንዱ ዕድሜን ያከብራል። ሁለቱም አይጎዱም። ሽማግሌው ወደውት «ልጄ» ቢሉትም ሐኪሙ ደስ ሊለው ይገባል።

ይህን በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ አይተነዋል። ዘመቻው በሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲጀመር በብዙ ቦታ አስተማሪው ወጣት፣ ተማሪው ሽበታም ነበር። ፊደሉን የሚያውቀው ልጁ ነው፤ መሬቱንና ዘመኑን የሚያውቁት ሽማግሌው ናቸው። ተከባብረው ተማሩ።

ክብር በአንድ ወገን ብቻ አይቆምም። ባለሙያ ገበሬን «አንተ፣ ወዲያ ሂድ» ቢል ስህተቱ የባለሙያው ነው። እንዲህ ሲያጋጥም መሳደብ አያስፈልግም። በዝግታ «ልጄ፣ እኔም እኮ አባት ነኝ» ማለት ይበቃል። ካልታረመ ለጣቢያው ኃላፊ ማመልከት ይቻላል።

በጽሑፍ ሲገኝ

ማንበብ የቻለ ሰው በበርና በወረቀት ላይ የተጻፈውን ያያል። ማዕረግ ብዙ ጊዜ አጥሮ ይጻፋል። መሐሉ ላይ ጭረት አለው። እንዲህ ይነበባል፦

ዶ/ር ማለት ዶክተር ነው።
ፕ/ር ማለት ፕሮፌሰር ነው።
ኢ/ር ማለት ኢንጂነር ነው።
መ/ር ማለት መምህር ነው።
ሲ/ር ማለት ሲስተር ነው።
ወ/ሮ ማለት ወይዘሮ ነው።
ወ/ሪት ማለት ወይዘሪት ነው።

ጭረት ያለበት ሁሉ ግን ማዕረግ አይደለም። ገ/ማርያም ሲል ገብረ ማርያም፣ ወ/ሥላሴ ሲል ወልደ ሥላሴ ማለት ነው። ስለዚህ ቀጥሎ ያለውን ቃል ማየት ያስፈልጋል። በበሩ ላይ «ዶ/ር» የሚል ካለ ክፍሉ የዶክተር ነው። «ላብራቶሪ» የሚል ካለ ደም የሚሰጥበት ነው። በር ላይ ያለውን ያነበበ ሰው አይሳሳትም፤ ሲጠይቅም አይንከራተትም።

ያልተማረ «ዶክተር»

አንድ መጥፎ ነገር እንጨምር። በገበያ ቀን ሻንጣ ይዞ የሚዞር፣ ሕክምና ሳይማር መርፌ የሚወጋ ሰው በየቦታው ታይቷል። ሰው «ዶክተር» ይለዋል። እሱም ዝም ብሎ ይቀበላል። ስሙን የሰጠነው እኛው ነን። በንጹሕ ባልሆነ መርፌ ኤች አይ ቪና የጉበት በሽታ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ያላወቀ ሰው የሰጠው መድኃኒትም ይገድላል። ሳይማሩና ሳይፈቀድ ማከም በሕግ ያስቀጣል።

ስለዚህ «ዶክተር» የሚለውን ስም በከንቱ አናድለው። የግል ክሊኒክ ከሆነ የሥራ ፈቃዱ አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ማንበብ ችለናልና እናንብበው። የማን ስም ነው? ሙያው ምን ይላል? እውነተኛው ባለሙያ ሲነበብለት አይከፋውም። የሚከፋው ሌላው ነው።

ዋናው ነገር

የማዕረግ ስም ቢጠፋን፣ ወይም ነርሷን በስህተት «ዶክተር» ብንላት፣ ምንም አይደለም። ማንም በዚህ አይሞትም። ሰው የሚሞተው በሽታውን ሲደብቅ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። አንዳንድ ሰው ዶክተር ፊት ሲቀርብ አንደበቱ ይታሰራል። «ገባዎት?» ሲባል ሳይገባው «አዎ» ይላል። መድኃኒቱን ቤቱ ወስዶ ለስንት ቀን እንደሚውጠው አያውቅም። ይህ አክብሮት አይደለም። ሐኪሙን የሚያከብር ሰው እውነቱን ይነግረዋል፤ ያልገባውንም መልሶ ይጠይቀዋል።

ደግሞም እኛም ስም አለን። በዱሮው ጊዜ ሹሙ ገበሬውን «አንተ» እያለ በባዶ ስሙ ይጠራው ነበር፤ ገበሬው ግን «ጌታዬ» እያለ ይመልስ ነበር። ዛሬ በጤና ጣቢያ ካርድ ላይ፣ በመሬት ደብተር ላይ ስማችን ይጻፋል። «አቶ» ብሎ ይጀምራል፤ «ወ/ሮ» ብሎ ይጀምራል። ያን ራሳችን ማንበብ ችለናል። «ዶ/ር» የሚለውን በር አንብበን ስንገባ፣ ሐኪሙም ካርዳችንን አንብቦ «አቶ እገሌ፣ ይግቡ» ይላል። በዚህ ጊዜ ሁለት የሚከበሩ ሰዎች ተገናኙ ማለት ነው።

ጥያቄዎች

1. እናትየው የልጃቸውን በሽታ ለማን ነገሩ? ለማንስ መንገር ነበረባቸው?
2. የሕክምና ዶክተርና የምርምር ዶክተር በምን ይለያያሉ?
3. «ዶክተር አክሊሉ» እንጂ «ዶክተር ለማ» የማንለው ለምንድን ነው?
4. እነዚህን አንብቡ፦ ዶ/ር፣ መ/ር፣ ወ/ሮ፣ ገ/ማርያም። ማዕረግ ያልሆነው የትኛው ነው?
5. ሐኪም የነገራችሁ ሳይገባችሁ ቀርቶ «ገባኝ» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሌላ ጊዜ ምን ትላላችሁ? ተወያዩበት።